ለሁለት የተሠሩ ቃላት

ልጆቿ ከተኳረፉ ወዲህ ስልኩ የሚመጣላት በየግማሹ ነው። ሳምንቱ ሲገባ ትልቁ ይደውላል፤ ሳምንቱ ሊወጣ ሲል ትንሹ። ትልቁ ሲደውል ትንሹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አታውቅም፤ ትንሹ ሲደውል ደግሞ የትልቁን። እሷ ደግሞ የማታውቀውን ነገር ባዶውን የምትተው ሴት አይደለችም፤ ወዲያው በክፉ ትሞላዋለች። የአንደኛው ድምፅ በደህና በመጣ ቁጥር ሌላኛው ናዳ ተጭኖት፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ ይታያታል።

«ወንድምህስ?» ትላለች ትንፋሿን ይዛ።

«አለ» ይላታል ትልቁ።

«እንዴት ነው ያለው?»

«እማ፣ አለ አልኩሽ እኮ። ሌላ ጨዋታ የለሽም?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያንን «አለ» እያገላበጠች ትውላለች። ድምፁ ትንሽ ወፈር አላለም? ከመመለሱ በፊትስ ትንሽ አልቆየም? ሰው እናቱን ላለማስደንገጥ ሲል ስንት ነገር ይደብቃል።

ልጆቿ የሚሠሩት ከአገር ርቆ፣ በረሃ መሀል በተቆፈረ የመዳብ ማውጫ ነው። ትልቁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብዬ፣ ትንሹን ማሙሽ እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ማሙሽ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎረምሳ ቢሆንም ስሙ አብሮት አላደገም። አባታቸው ገና እግራቸው ሳይጠና ነው የሞተው፤ ከሁለቱ በቀር የእኔ የምትለው ሰው የላትም፣ እነሱም ከእሷ በቀር የላቸውም።

በረሃው ውስጥ ሞባይል አይሠራም። የሠራተኞቹ ማደሪያ መግቢያ ላይ አንድ የጠረጴዛ ስልክ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴት ትቀመጣለች፤ ሴትዮዋ ከእንግሊዝኛ ሌላ አታውቅም። የሚደውል ሰው የክፍል ቁጥር ይነግራታል፣ እሷ በድምፅ ማጉያ ትጣራለች፣ የተጠራው ካለ መጥቶ ያነሳል። መጀመሪያ ልጆቹ አንድ ክፍል ስለነበሩ አንዱ ሲጠራ ሌላው ሳይጠራ ተከትሎ ይመጣ ነበር። አንዱን እጀታ ለሁለት ይዘው፣ ጆሮ ለጆሮ ተጋጭተው፣ «ልቀቅ አንተ!»፣ «እኔ ልንገራት!» ሲባባሉ ትሰማለች። ያኔ ከሚሉት ግማሹ አይሰማትም ነበር፤ ግን ደህና መሆናቸውን ለመጠየቅ አፏን መክፈት አላስፈለጋትም። አሁን የምትናፍቀው ያንን ግፊያ ነው።

የተጣሉት በእሷ ነው። ኩባንያው ከአንድ ቤት ለመጡ ሠራተኞች ፈቃድ በአንድ ላይ አይሰጥም፤ አንዱ ሄዶ ሲመለስ ነው ሌላው የሚሄደው። ማን ይቅደም በሚለው ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ አብዬ አንድ ቀን ለብቻው ደወለና «እማ፣ ማናችን እንምጣልሽ?» አላት። ድምፁ ውስጥ የሚለማመጥ ነገር ነበረ። አሳዘናት። «አንተ ና እንጂ፣ የኔ ጌታ» አለችው። በነጋታው ማሙሽ ደወለ። «እማዬ፣ እኔ ልምጣ አይደል?» አላት። እሱም አሳዘናት። «አንተ ና እንጂ፣ የኔ ዓለም» አለችው። ለእያንዳንዱ የመለሰችው ከልቧ ነበር። ነገሩ አልገጥም ያላት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው። ነገ ደውዬ አስተካክላለሁ ስትል፣ ልጆቹ ቀድመው አለቃቸው ፊት ቆሙ።

«እናቴ እኔን ነው ና ያለችው።»

«ውሸታም! እኔን ነው እንጂ!»

አንዱ ሌላውን በእናቱ ስም የዋሸ መሰለው። በዚያው ሳምንት አብዬ ልብሱን ሸክፎ፣ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ካለ ክፍል ገባ።

ልታስተካክል ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ለአብዬ «ልጄ፣ ለእሱም ብዬዋለሁ እኮ» አለችው። «ተይ እማ» አላት፤ «ድሮም እሱ ሲያጠፋ ሸፋኙ አንቺ ነሽ።» ለማሙሽም ነገረችው። ማሙሽ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እሱ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?» አላት። ለየብቻ የሚነገር እውነት እንደማይበቃ ያኔ ገባት። አንዱ ሲሰማ ሌላውም መስማቱን በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሁለቱም መቆም አለባቸው።

ግን እንዴት ብላ ትጥራቸው? እሷ በቃሏ የያዘችው ልጆቿ ያስጠኗትን አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷኑ እንደ ጸሎት ሳትሰብር ሳታጎድል ትደግማለች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የምትጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላውና ፎጣው የማሽኑ ነው፤ የእንግዶቹ የግል ልብስ ግን በእሷ እጅ ያልፋል። ካልሲ የምታጣምረው እሷ ናት። ጥቁሩን ከጥቁሩ ለይታ፣ ላስቲኩን ስባ፣ ተረከዙን በጣቷ ዳብሳ፣ ይሄ የዚህ ነው ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅም። ጓደኛቸው ጠፍቶ የቀሩ ካልሲዎች የሚጠራቀሙበት አንድ ካርቶን አለ። ሌሎቹ ሠራተኞች ለጫማ መወልወያ ሊወስዷቸው ሲመጡ ካርቶኑን በእግሯ ገፍታ ጠረጴዛው ሥር ታስገባለች።

«ባለቤቱ ቢመጣስ?» ትላለች።

«የአብዬ እናት፣ ለምን ጋዜጣ ላይ አታወጪለትም?» ይላታል ሸሚዝ ተኳሹ። ጋሽ ካውያ ነው የሚሉት፤ ዕድሜውን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ጨዋታው ግን ያልረጠበ ሰው ነው። «ቁመቱ አጠር ያለ፣ መልኩ ግራጫ፣ ከቤት ሲወጣ ተረከዙ ላይ ቀዳዳ የነበረው፣ ያየ ይጠቁመን ብለሽ።»

እዚያ የምትጠራው በትልቁ ልጇ ስም ነው። ማሙሽ አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ «የአብዬ እናት» ሲሏት ሰምቶ፣ «የእኔስ እናት አይደለችም እንዴ?» ብሎ ጋሽ ካውያን አፋጥጦት ነበር። በቀልድ ያለው መስሏቸው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከላይ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ምሳዋን ይዛ ወደ እነሱ ትወርዳለች። ላይ ቤት ባለ ተረከዝ ጫማዋን ማውለቅ አይፈቀድላትም፤ እዚህ ግን አውልቃ እግሯን የሞቀ ፎጣ ክምር ላይ ትሰቅላለች። እናትየው ሐሳቧን የነገረችው ለእሷ ነው።

«እንግሊዝኛ አስተምሪኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ምን ሊያደርግልዎ ነው እትዬ? ሊኮበልሉ ነው እንዴ?»

«ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ተምሬያለሁ እኮ። ግን ያስተማሩኝ ሁሉ ስለ ሰዓትና ስለ ላም ነው። እኔ የምፈልገው ስለ ሁለት ሰው የሚነገረውን ነው።»

«ስለ ሁለት ሰው የሚነገረውማ ሐሜት ነው» አለ ጋሽ ካውያ ከእንፋሎቱ ውስጥ። «እሱን በራሳችን ቋንቋ አሳምረን እንችለዋለን።»

«አንተ ሸሚዝህን አታሳርር» አለችው።

ልጅቷ ሳቋን ውጣ የእናትየውን ፊት አየችና እግሯን ከፎጣው ላይ አወረደች። «እሺ» አለች፤ «ግን አንድ ደንብ አለኝ። ውሸት አይሠራም። መጽሐፍ ላይ ያለውን የሌለ ሰውና የሌለ ድመት አልፈልግም። የሚናገሩት ሁሉ ዛሬ የሆነ፣ የራስዎ፣ እውነት መሆን አለበት። እኔ እንደዚያ ነው የለመድኩት፤ ካልሆነ ምላሴ ይተሳሰራል።»

ሁለት የትራስ ልብስ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይሄም ታጥቧል፣ ያም ታጥቧል። ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲያነሱ ቦዝ ይላሉ። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ትራስ ብቻ ነው ያለኝ እንበል፤ የትኛውንም ቢሰጡኝ ግድ የለኝም፣ ይሄም ይሆናል ያም ይሆናል። እሱ አይዘር ነው።» ከዚያ ሁለቱንም ጠቅልላ ከጀርባዋ ደበቀቻቸው። «ይሄም የለም፣ ያም የለም። ናይዘር።»

«ሦስት ከሆኑስ?»

«ሦስት ከሆኑ አይሆንም። ከሦስት ጀምሮ ሌላ ቃል አለው። እነዚህ ለሁለት ብቻ የተሠሩ ናቸው።»

ለሁለት ብቻ። እናትየው ባዶውን ጠረጴዛ እያየች ቀረች። ትምህርት ቤት ሳለች ይሄ ሁሉ ቃል በጆሮዋ አልፎ ይሆናል፤ ያኔ ሁለት የሆነ ነገር ስላልነበራት አልሰማችውም። አሁን ግን ቋንቋውን ቁጭ ብላ የሠራችው አንዲት የሁለት ልጆች እናት መሰለቻት።

«በሉ፣ የራስዎን ይሞክሩ» አለቻት ልጅቷ።

አሰበች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «ቦዝ ኦፍ ማይ ሰንስ ዲድ ኖት ካም» አለች።

«እዚህ ጋ ሁላችንም ነን የምንሳሳተው፣ እትዬ፤ እኔም ስንት ጊዜ ተስቆብኛል። በእኛ አፍ ሁለቱም አልመጡም ይባላል፤ ያምራልም። በእነሱ ግን ቦዝ ብለው ኖት ካከሉበት ሰሚው ግራ ይገባዋል። አንዱ መጥቶ ይሆን እንዴ ይላል። ስለዚህ ቦዝን ይተዉትና ናይዘር ይበሉ። ናይዘር ኦፍ ማይ ሰንስ ኬም። ኖት አይጨምሩበት፤ እምቢታው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው ያለው። ደግሞ ቦዝ ሲሉ እንደ ብዙ ነው የሚቆጥሩት፣ አር ይላሉ። ናይዘር ሲሉ ግን እንደ አንድ ነው፤ ኢዝ።»

«ሲኖሩ ሁለት ሆነው፣ ሲጠፉ ለምን አንድ ይሆናሉ?»

«እሱን አላስተማሩኝም፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቷ ትምህርት ሆነ። ቤቷ ስትገባም አላቆመችም። ድስቱን እያማሰለች ሁለቱም እጆቼ ረጥበዋል ትላለች፤ ትክክል ነው፣ ረጥበዋል። አልጋ አልጋውን እያየች ከልጆቼ አንዳቸውም እቤት የሉም ትላለች፤ ይሄም ትክክል ነው፤ ኢዝ ነው እንጂ አር አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ቢመጣ፣ ማንኛውም ይሁን፣ በሩን እከፍታለሁ ትላለች። የልጅቷ ደንብ መጀመሪያ ቀላል መስሏት ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ከበዳት። ልትለው የምትፈልገው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ደንቡን አያልፍም። አንድ ቀን ግን አመለጣት።

«ቦዝ ኦፍ ማይ ሰንስ አር አት ሆም» አለች፤ ሁለቱም ልጆቼ እቤት ናቸው ማለቷ ነው።

«ጎበዝ! አንድም ስህተት የለውም» አለች ልጅቷ። ቀጥላ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «ዛሬ እውነት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሌላ ይበሉኝ።»

ጋሽ ካውያ «ይቺ ልጅ ዳኛ መሆን ነበረባት» ብሎ አጉረመረመ። ያን ቀን ሌላ አልቀለደም።

ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጀ። ሁለቱንም ልጆቼን፣ በአንድ ላይ፣ እባክሽ፤ ከዚያ የአንዱ የክፍል ቁጥር፣ ከዚያ የሌላው። ልጅቷ ለአፏ እስኪጥማት አስደጋገመቻትና በመጨረሻ ራሷ ሰለቻት።

«እትዬ፣ ለምን እኔ አልደውልም? በሁለት ደቂቃ አስጠራልዎታለሁ።»

እናትየው በድንጋጤ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እንዴት ተደርጎ! የማያውቁት ሰው ከአገር ቤት ደውሎ ቢጠራቸው ምን የሚመስላቸው ይመስልሻል? እናታችን ሞታለች ነው የሚሉት። ልባቸው ቀጥ ይላል። አንዱ እዚያው ቢወድቅብኝስ? ሐኪም ቤቱ የት እንዳለ እንኳ አላውቀውም። አይሆንም፤ እኔ ራሴ፣ በራሴ ድምፅ ነው የምጠራቸው።»

እንዲህ ናት። አደጋ ከሚመጣበት በር ሁሉ ፊት ቀድማ የምትቆም ሴት ናት። ጋሽ ካውያና ልጅቷ ተያዩ፤ ግን የተናገረችው ነገር ልክ ስለሆነ አልተከራከሯትም።

የደወለችው በምሳ ሰዓት ነው። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ከቧንቧው ጠብ ጠብ ከሚለው ውኃ በቀር ድምፅ የለም። ጋሽ ካውያ ካውያውን ነቅሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፤ በፈተና ሰዓት መልስ ሹክ እንደምትል የክፍል ጓደኛ።

«ሃሎ» አለች የጠረጴዛዋ ሴት። ሁልጊዜም ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጥር ስትጣራ የምትውል ሴት ድምፅ።

እናትየው ሰላምታ ሰጠች። ዓረፍተ ነገሩን አንድም ሳትስት አወረደችው። ቦዝ ስትል ቃሉን በጥርሷና በምላሷ መሀል ልጅቷ እንዳሳየቻት አድርጋ አወጣችው። ቁጥሮቹን አስከተለች።



«ቦዝ?» አለች ሴትዮዋ።

«የስ። ቦዝ።»

ያ ደረቅ ድምፅ ተለወጠ፤ ወረደ፣ ለሰለሰ። «ኦ» አለች ሴትዮዋ። «አይ አም ሶሪ። አይ አም ቬሪ ሶሪ።»

እናትየው ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ ልጅቷ ዞረች። «በጣም አዝናለሁ አለችኝ። ምን ተሳሳትኩ?»

«ምንም! አንድም አልተሳሳቱም እትዬ፣ በደንብ ነው ያሉት።»

«ካልተሳሳትኩ ለምን ታዝናለች?» ፊቷ እንደ አንሶላ ነጣ። ልጅቷ ደግፋ ልብስ ቅርጫቱ ላይ አስቀመጠቻት። «ሞተዋል። ሁለቱንም ስጠራ ጊዜ እንዴት ብላ ትንገረኝ! ሞተዋል በሉኝ። ጉድጓዱ ነው። አውቀው ነበር፤ እኔ ይሄን ነገር አውቀው ነበር።»

«ኧረ ተረጋጊ» አለ ጋሽ ካውያ፤ የራሱ ድምፅ ግን አልተረጋጋም። «ለሴትዮዋ ሌላ ሰው መስለሻት ይሆናል። አዳምጪ፣ አትዝጊው።»

አልዘጋችውም። ከሩቅ፣ በባዶ ግቢ ውስጥ የሚያስተጋባ የድምፅ ማጉያ ተሰማት። የአንዱ ቁጥር። ከዚያ የሌላው። ከዚያ እንደገና ሁለቱም ተከታትለው። የሞተ ሰው በማጉያ አይጠራም ብላ ልታምን ስትል፣ ስማቸውን አጥፍተው ለሌላ ሰው ቁጥሩን ሰጥተውት ቢሆንስ አለች። ወንበር ሲጎተት ሰማች። ሌላም ወንበር። ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ሰማች። የብዙ ሰው ሹክሹክታ። ከዚያ ሩጫ፤ ጠጠር ላይ የሚሮጥ ከባድ እግር፣ ከዚያ በሌላ አቅጣጫ አንድ ሌላ፣ አንድ እግሩ ብቻ የሚጮህ።

«ሃሎ! ሃሎ! ማነው? ማን ልበል?» ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ አብዬ። አለህ?»

ያኛው ጫፍ ላይ አንዳች ነገር ወደቀ።

«እማ? እማ ነሽ? ራስሽ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አለህ ወይ? ወንድምህስ አለ?»

«ማን ናት ጋሼ?» አለ ሁለተኛው ድምፅ ከኋላው፤ ያለቅሳል። «ማን ናት? የሚያረዳን ማን ነው? አትደብቀኝ፣ ንገረኝ በእናትህ!»

«እሷ ናት አንተ! እሷ ራሷ! አልሞተችም!»

«አምጣው! ስጠኝ! ልቀቅ!»

እናትየው ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላወቀችም። ልጅቷ ትከሻዋን ይዛ ታወዛውዛታለች፤ ጋሽ ካውያ «ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?» ይላል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከአፏ ይወጣል።

«እማ፣ ምን ነክቶሽ ነው!» አብዬ ይጮህባታል። «እዚህ ወንድማማች በአንድ ላይ ለስልክ የሚጠራው ለመርዶ ብቻ ነው! አንዱ ለብቻው ሰምቶ እንዳይወድቅ ብለው እኮ ነው! ሴትዮዋ ሁለት ወንበር አውጥታ፣ ውኃ ቀድታ ነው የጠበቀችን። የፈረቃ አለቃው ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ግማሹ ሠራተኛ ሊያጽናናን ተሰልፏል!»

«ይቅር በሉኝ፣ እኔ ምን ላውቅ?» አለች። «ቃሉ ይሄ ነው ብለው አስተማሩኝ።»

«እማዬ፣ ደህና ነሽ ግን?» ማሙሽ ነው። «የምትደብቂን ነገር የለም? ድምፅሽ ተለውጧል እኮ።»

የራሷን ጥያቄ በልጇ አፍ ስትሰማው ሳቋ መጣ። ግን ጊዜ የለም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሁለታችሁም ትሰሙኛላችሁ?»

«እንሰማሻለን» አሉ፤ በአንድ ላይ።

«ለአብዬ አንተ ና ብዬዋለሁ። ለማሙሽም አንተ ና ብዬዋለሁ። አንዱን አንድ ቀን፣ ሌላውን በነጋታው። ማናችሁም አልዋሻችሁም። እናንተን ውሸታም ያደረግኳችሁ እኔ ነኝ።»

ሁለቱም እየተነፈሱ ነው፤ የሁለቱም ትንፋሽ አንድ እጀታ ውስጥ ይገባል።

«ለሁለታችንም?» አለ ማሙሽ።

«ለሁለታችሁም።»

«ለምን እማ?» አለ አብዬ። «አንዱን መምረጥ ነበር እንጂ፤ አንቀየምሽም ነበር።»

«ሁለታችሁንም ስለፈለግኩ ነዋ! ለምን ይባላል እንዴ!» ጮኸች። ጋሽ ካውያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ማሙሽ፣ ለእሷ ባልሆነ ድምፅ፣ «ውሸታም ብዬህ ነበር» አለ።

«እኔም ብዬሃለሁ።»

«አንተ ግን ሰው ፊት ነው ያልከኝ።»

«አንተስ የት ነበር ያልከኝ? ሽንት ቤት ተደብቀህ ነው?»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ የትኛው እንደሆነ አለየችውም።

«ታዲያ አሁን ማናችሁ ነው የምትመጡት?» አለች። «የፈለገው ይምጣ። ከሁለታችሁ የትኛውም ይሁን። ከእንግዲህ አልመርጥም።»

«ዘንድሮስ እማ...» አብዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንድሮ አንዳችንም አንመጣም። ስንጣላ አለቃው ተናዶ ተራውን ለሌላ ሰው ሰጠው። ለከርሞ ነው።»

ቃሉን ታውቀዋለች። አልተናገረችውም። «እሺ» አለች፤ «ይሁን። ብቻ በደህና ሁኑልኝ።» ዓመቱ በፊቷ ተዘረጋ፤ አልጋ አልጋውን እያየች የምትደግመው ያው ዓረፍተ ነገር እስከ ከርሞ አይለወጥም።

«ጋሼ፣ እግርህን ተመልከት» አለ ማሙሽ በዚያኛው ጫፍ።

«ምን ሆነ? ... ወይ ጉድ! ጫማዬን የት ነው የጣልኩት?»

«ከወዲያ ማዶ በአንድ ጫማ ሮጠህ ነው የመጣኸው? እየደማህ እኮ ነው!»

«አንተ ምን ትላለህ፤ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው።»

«ተኝቼ ነበራ! ና፣ ቶሎ እንፈልገው፤ አንዱ አንስቶ ይወስድብሃል። እማዬ፣ አንድ ጊዜ፣ መጣን።»

«መጣን እማ፣ እንዳትዘጊው።»

እጀታው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማችው። እግራቸው ሲርቅ፣ አንደኛው «ቀስ በል፣ ድንጋይ አለ» ሲል፣ ሌላኛው ሲሳደብና ሲስቅ። ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች ጮክ ብለው ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ሲመልሱ፣ ሳቅ ግቢውን ሲሞላው ሰማች።

«ዘጉት እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አልዘጉትም።»

«ታዲያ ምን እያሉ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ለእኔ አይደለም የሚያወሩት።»

የምሳ ሰዓቱ አልቋል። ጋሽ ካውያ እጁን የማሽኑ ማብሪያ ላይ አድርጎ አያት፤ እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ አንድ እጇን አነሳች፤ እሱም ሳያበራ ቆመ። ድምፃቸው ጠጠሩን አልፎ፣ የትኛው የማን እንደሆነ እስኪጠፋት ድረስ ራቀ። ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።